ሦስት ፊርማ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ካርታ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው። አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ከበው ተቀምጠዋል፤ ከ2015 ጀምሮም ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር በሚባል አንድ የከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። በታክሲ ለሚጓዝ ሰው ግን ጉርብትናው አይታየውም። ከሰበታ ተነስቶ ቡራዩ ለመድረስ ዓለም ገናን አልፎ አየር ጤና፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ዊንጌት፣ ከዚያ አስኮ እያለ ከተማውን መዞር አለበት። ከቡራዩ ሱሉልታ ለመሄድ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ትከሻ ይወጣል። የጅማ መንገድ፣ የአምቦ መንገድ፣ የጎጃም መንገድ፤ ሦስቱም የሚገናኙት አዲስ አበባ ላይ ነው። በክረምት፣ ጭቃውና የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮበት፣ ሦስቱን ከተሞች ለማዳረስ የወጣ ሰው ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ቢገባ ዕድለኛ ነው።

ይህን መንገድ በደንብ ያወቅሁት በአንዲት ላም ምክንያት ነው። ላሟን የምገዛበት ብር የሚገኘው ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ነበር። የማኅበራችን ትልቅ ቼክ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሰበታ፣ አንዷ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ ይኖራሉ።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ሦስቱም ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ፣ አጥር ለአጥር ነበሩ። ማኅበሩን የመሠረቱት ጤፍና ሽምብራ የሚያርሱ ገበሬዎች፣ ቅቤና አይብ ገበያ የሚያወጡ እናቶች፣ በአካባቢው ፋብሪካዎች የተቀጠሩ ልጆቻቸው ናቸው። ከዚያ በፊት እድር ነበራቸው፤ ዕቁብም ነበራቸው። እድሩ ለሞተ ሰው ይደርሳል። ዕቁቡ ዕጣ ለወጣለት መልካም ነው፤ ልጅ የታመመበት ወይም በሬ የሞተበት ሰው ግን ዕጣው በጨነቀው ሳምንት ላይወጣለት ይችላል። ያን ጊዜ የደረሰውን ሰው ለምኖ፣ ከላይ ጨምሮለት ዕጣውን ይገዛል። እሱም ካልሆነ አራጣ አለ። በቀበሌው አንዲት ባል የሞተባቸው እናት በእርሻ ወቅት በሬያቸው ሞቶ በአራጣ ተበደሩ፤ ወለዱን መክፈል ሲያቅታቸው መሬታቸውን ለአበዳሪው ለዓመታት አሳረሱ። ሽማግሌዎቹ ስለ ማኅበሩ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከእኚህ ሴት ነው።

የአባላት ቁጠባና ብድር በአገራችን የተጀመረው ገጠር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ደመወዝተኛ ስለሆኑ ቁጠባው ከደመወዛቸው ላይ ይቆረጣል፤ ሒሳቡም የተጣራ ይሆናል። ለገበሬው ነገሩ የቀረበው በ1991 አዋጅ ቁጥር 147 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁ በፈቃድ መግባትን፣ በፈቃድ መውጣትን፣ ሀብታም ሆነ ድኻ ለአንድ አባል አንድ ድምፅን ደነገገ፤ በ2009 የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985ም ይህን አልለወጠም። የእኛ ሽማግሌዎች ከሁሉ በላይ ያጣሩት መውጣትን ነበር። በደርግ ጊዜ ኅብረት ሥራ ሲባል በሬና መሬት አንድ ላይ አድርጉ ተብለው የተሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። የወረዳው ባለሙያ ስለ ጥቅሙ አብራርቶ ሲጨርስ፣ የዛሬው ሊቀመንበራችን ተነስተው፣ «ልጄ፣ ያልከው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገ አልፈልግም ያልኩ እንደሆነ ገንዘቤን ይዤ እወጣለሁ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ትወጣላችሁ ተባለ። በዚያው ቀን ተመዘገቡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባል የሚሆን ሰው የመመዝገቢያ ይከፍላል፣ የማኅበሩን ዕጣ (አክሲዮን) ይገዛል፣ በየወሩ መደበኛ ቁጠባ ያስገባል። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጉባኤ አለ። ገንዘብ ያዣችን እትዬ፣ ሁሉም በዚህ ስም ነው የሚጠራቸው፣ ጠረጴዛ ላይ ነጠላ አንጥፈው ብሩን እያንዳንዱን ገልጠው ይቆጥራሉ። ከቆጠሩ በኋላ የአባሉን ስምና የገባውን ብር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ፤ ጸሐፊው በመዝገብም በቁጠባ ደብተርም ያሰፍራል፤ አባሉ ደግሞ «ልክ ነው» ይላል። ያልተማሩ እናቶች ደብተራቸው ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቁት ሁሉም ሰው ስለሰማ ነው። እትዬ በዓመታት ውስጥ ይህን ንባብ አንድ ቀን እንኳ አላስቀሩም።

አሁን ወደ ላሟ ልመለስ። ሱሉልታ የወተትና የድርቆሽ አገር ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርቅ ሣሩ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዙሪያው ይወርዳል። ከድርቆሹ ጋር ድቅል ላሞችም ከዚያ ይገዛሉ። የማኅበራችን ጸሐፊ እዚያው የሚኖሩ ስለሆነ፣ አንድ ጎረቤታቸው ሁለተኛ ጥጃዋን ያረገዘች ላም ሊሸጡ መሆኑን ነገሩኝ። ሄጄ አየኋት፤ ዋጋ ተነጋገርን፤ ቀብድ ሰጠሁ። የጎደለኝ 80 ሺህ ብር ነበር።

ባንክ የመሄድ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬ መሬቱን አስይዞ የመበደር ልማድ አልተተከለም። ባንክ በመያዣነት የሚያውቀው የይዞታ ካርታ ያለው የከተማ ቤት ወይም መኪና ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትና ሰብልን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ጭምር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል፤ ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔ ግን ገና ያልገዛሁትን ላም ማስያዝ አልችልም። ቤቴ የገጠር ቤት ነው፤ የከተማ ካርታ የለውም። ዱሮ ለድኻ ተብለው የተቋቋሙት የብድር ተቋማት እያደጉ ሄደዋል፤ የኦሮሚያው ዛሬ ሲንቄ ባንክ፣ የአማራው ጸደይ ባንክ ሆነዋል። ማደጋቸው ያስደስተኛል። ለአንዲት ላም ብድር ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ግን ያው ትንሹ ማኅበር ነው።

የብድር ኮሚቴያችን አምስት ሰዎች ናቸው። ስብሰባው በጽሕፈት ቤታችን፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። ማመልከቻዬን ወጣቱ አባል አነበበው። ከዚያ ከአምስቱ ትልቋ እናት ጥያቄ ጀመሩ።

«መምህር፣ ልጄ፣ ድርቆሹ ከየት ይመጣል?»

«ከዚያው ከሱሉልታ ነው እማማ። ኅዳር ላይ ሲታጨድ እገዛለሁ።»

«እስከ ኅዳርስ ምን ትበላለች?»

«ፍሩሽካና ፋጉሎ። የቢራ አተላም በአቅራቢያችን ይገኛል።»

«አተላ ወተት ያበዛል፤ ብቻውን ግን አይሆንም፤ ሣር ይፈልጋል። ማነው የሚያልባት?»

«ባለቤቴ ናት፤ እኔም ጠዋት ጠዋት።»

«አንተ በሁለት ሰዓት ክፍል ትገባለህ። ይህ የእሷ ሥራ ነው። እሷ እሺ ብላለች? እስቲ ትምጣና ከአፏ እንስማ።»

ባለቤቴ ተጠርታ መጣች። የጠየቋት ስለ ጤናዋ፣ ስለ በረቱ ወለልና ወተቱን ማን እንደሚቀበላት ነበር። ወጣቱ የኮሚቴ አባል፣ «ጋሼ፣ ደመወዝዎ ላይ ሌላ ዕዳ አለብዎት?» አለኝ፤ የሌለብኝ መሆኑን እያወቀ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር። ሁለት ዋሶች ፈረሙልኝ። አንደኛው ያስተማርኩት ልጅ አባት ነው፤ ሌላው በእድር አብረን ድንኳን የምንተክል ጎረቤት። ባንክ ቢሆን በዚህ ሁሉ ፈንታ አንድ ቅጽ ይሞላ ነበር። ቅጹ ግን አተላ ብቻውን እንደማይሆን አያውቅም። ብድሬ በኋላ ሳይበላሽ የተከፈለው እኚያ እናት በረቱ ውስጥ የሚሆነውን አስቀድመው ስላዩት ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ይህ ነገር ሌላ አገር ካለው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያነበብኩት በኋላ ነው። በጀርመን የትንንሽ መንደሮች ከንቲባ የነበረው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን፣ እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 ክረምት ረሃብ ሲገባ ገበሬው ዳቦ በዱቤ የሚያገኝበትን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1864 ደግሞ በሄደስዶርፍ ጎረቤታሞች አንዳቸው ለሌላቸው ባላቸው ንብረት ሁሉ ዋስ የሚሆኑበትን የብድር ማኅበር መሠረተ። በካናዳ ኩቤክ፣ ሌቪ በምትባል ከተማ፣ አልፎንስ ዴዣርዳን እ.ኤ.አ. በ1900 የመሠረተውን የሕዝብ ሣጥን የጀመረው ከሳንቲም በሚለቀም ቁጠባ ነው። እሱ ለሥራ ኦታዋ ሲከርም ሣጥኑን ከቤቷ ሆና የምታስተዳድረው ሚስቱ ዶሪሜን ነበረች። የዶሪሜንን ታሪክ ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር። «ሳንቲም ያልናቀች ሴት ናት» አሉ፤ ከዚያ ስንት ልጆች እንደነበሯት ጠየቁኝ።

ብድሩ ጸደቀ። በካዝናችን ያለው ገንዘብ ስለማይበቃ በቼክ እንዲወጣ ተወሰነ። መተዳደሪያ ደንባችን ከ50 ሺህ ብር በላይ ለሆነ ቼክ የሊቀመንበሩን፣ የገንዘብ ያዧንና የጸሐፊውን ፊርማ ይጠይቅ ነበር። የወሩ ጉባኤ አልፎ ስለነበር ቼኩን ይዤ ወደ እያንዳንዳቸው መሄድ ነበረብኝ።

ሊቀመንበራችን ቅርብ ናቸው። ፊርማቸውን የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በ1971 ዘመቻው ከተጀመረ በኋላ በቀበሌ ዳስ ውስጥ ነው። ሲፈርሙ ስማቸውን ሙሉውን፣ ፊደል በፊደል ይጽፋሉ። ካለፈው ዓመት ሕመማቸው በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቼኩን የመኝታቸው ጫፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ደግፈውበት፣ ግራ እጃቸውን በቀኝ አንጓቸው ላይ ጭነው ፈረሙ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ሲጨርሱ ቀለሙን እፍ አሉበትና «ላሟ የምሥራች ትሁንልህ» ብለው ሰጡኝ።

እትዬ የሚኖሩት ቡራዩ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው። የእርሻ መሬታቸው ለኢንቨስትመንት ሲወሰድ ካሳ ተሰጣቸው። ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለእርሻ መሬት የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢን 10 እጥፍ ይከፍል ነበር፤ በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 አሳድጎታል። ቁጥሩ ለወረቀት ይበቃል። ሕይወቱን ሙሉ በሬና መሬት እንጂ ጥሬ ብር አስቀምጦ ለማያውቅ ቤተሰብ ግን በአንድ ቀን የሚመጣ ገንዘብ ከባድ ነው። ጎረቤቶቻችን ውስጥ ሚኒባስ ገዝተው የከሰሩ፣ ለልጅ ሠርግ ያወጡ፣ በደላላ የተታለሉ አሉ። ማኅበራችን ውስጥ ያስቀመጡት ይሻላሉ፤ ገንዘባቸው በየወሩ በስማቸው ጮክ ተብሎ ስለሚነበብ፣ ከማውጣታቸው በፊት የሚያማክራቸው ሰው አላጡም። ይሁን እንጂ መሬቱ ሲሄድ ሰዉም ሄደ። የማኅበራችን አባላት ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ዓለም ገና የተበተኑት በዚህ ምክንያት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰው ለሰው ዋስ የሚሆነው ስለሚያውቀው ነው፤ የሚያውቀው አብሮት ስለኖረ ነው።

እትዬን ቤታቸው አጣኋቸው። አሸዋ ሜዳ ገበያ ቅቤ ሊሸጡ ወጥተዋል ተባልኩ። ዝናቡ ወርዶ ገበያው ጭቃ ሆኖ ነበር። በላስቲክ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቼኩን ስሰጣቸው አልፈረሙም፤ መጀመሪያ እጃቸውን በቅጠል ጠርገው ከቅቤው አጸዱ፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። «ኮሚቴው ውስጥ እማማ ነበሩ?» አሉ። ነበሩ አልኩ። ስልክ አውጥተው ራሳቸው ደወሉላቸው። «ልጄ፣ አንተን አጥቼህ አይደለም። የሰው ገንዘብ ስለሆነ ነው» አሉኝ። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖት ሲቀየር፣ መቀየሪያው ሦስት ወር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ከሙዳይና ከጎተራ ሥር የወጣውን የእናቶቹን አሮጌ ብር እየቆጠሩ፣ አይጥ የበላውን ከደህናው እየለዩ ባንክ ያደረሱት እኚሁ ሴት ናቸው። ስለዚህ በገበያ መሀል መቆሜ ቅር አላለኝም።

ሱሉልታ ስደርስ ብርዱ ሌላ ነበር። ጸሐፊያችን ጎረቤት ልቅሶ ቤት ተቀምጠዋል። ገብቼ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ተቀመጥኩ፤ ልቅሶ ቤት ቼክ አይወጣም። ከሰዓታት በኋላ አብረን ወጥተን አጥር ሥር ፈረሙልኝ፣ ማህተሙን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው መቱበት።

ባንኩ ውስጥ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ገንዘብ ከፋይዋ ቼኩን ተመለከተች፣ ኮምፒውተሩን ተመለከተች፣ እንደገና ቼኩን ተመለከተች። «ጋሼ፣ የሊቀመንበሩ ፊርማ ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም።» ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ እጃቸው። ልጅቷ ትሑት ነበረች፤ ኃላፊዋን ጠራችልኝ። ኃላፊው ናሙናውን አሳየኝ። ከዓመታት በፊት የተፈረመ፣ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ የገበሬ ጽሑፍ ነው። አሁን ያለው ደግሞ የሚንቀጠቀጥ መስመር። ሁለቱም የአንድ ሰው እጅ መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። አዲስ ቼክ ተጽፎ ሊቀመንበሩ በአካል ቀርበው ይፈርሙ፣ ሌሎቹ ሁለት ፈራሚዎችም እንደገና ይፈርሙ አለ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ቼክ አይከፈልም።

በዚያ ሳምንት ሽንፈት ተሰማኝ። ከባንኩ በላይ ያናደደኝ በዕድሜ የደከመ እጅ ያለው ሰው ስሙን ራሱ ጽፎ እንኳ እሱነቱን ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። ባንኩ ደንቡን ጠበቀ፤ የሰው ገንዘብ ስለሆነ ነው፤ እትዬም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እትዬ ስልክ የሚደውሉለት ሰው የነበራቸው መሆኑ ነው።

እንደገና መንገዱን ያዝኩ። አስኮ ላይ ታክሲ ጠፍቶ በዝናብ ቆምኩ። እትዬ በዚህኛው ጊዜ ታመው ተኝተው ነበር፤ ተነስተው ፈረሙ፣ ሻይ ሳልጠጣ እንዳልሄድ አስማሉኝ። ሱሉልታ ስደርስ የላሟ ባለቤት ሌላ ገዢ መጥቶባቸው ነበር፤ ደላላው ከእኔ የበለጠ ዋጋ አምጥቷል። ጸሐፊያችን አብረውኝ ሄዱ። በኦሮምኛ ረጅም ንግግር አደረጉ። ሰውየው ዝም ብለው ሰሙ፤ በመጨረሻ፣ «እርስዎ በአፍዎ ዋስ ከሆኑ እጠብቃለሁ። ቀብድ ተቀብዬ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። ወረቀት አልተጻፈም።

ሊቀመንበራችንን በባጃጅ አሳፍሬ ባንክ የወሰድኩ ቀን ሲስተም የለም ተባለ። ወንበር ተሰጣቸው፤ ጥበቃው ውሃ አመጣላቸው። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሽማግሌው በመስታወቱ በኩል ውጭ ያለውን አዲስ ሕንፃ እያዩ፣ እዚያ ላይ የማን ማሳ እንደነበረ፣ የት ላይ ሽምብራው እንደሚያምር ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ መጣ። ኃላፊው ፊት ፈረሙ፤ መታወቂያቸው ታየ፤ ናሙናቸው በአሁኑ እጃቸው እንዲቀየር ቅጽ ተሞላ። ገንዘቡ ወጣ።

ላሟን በአይሱዙ ጭነን፣ የጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላለው ሌሊት ከተማውን አቋረጥን። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁለቱን ስንወርድ መኪናው በዝናቡ ተንሸራቶ ቆመ፤ ላሟ በጉልበቷ ወደቀች። ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር ሣር ከሥሯ አስገብተን፣ ገመዱን አላልተን እስክትነሳ ጠበቅናት። ያረገዘች ናት፤ ፈራሁ። ሰበታ ስንደርስ ባለቤቴ በፋኖስ ወጥታ መጀመሪያ የዳሰሰችው ሆዷን ነው። ጥጃዋ በደህና ተወለደች።

በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ይህ ሁሉ ተነሳ። ወጣት አባላት አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማኅበሩ ይዘጋ፣ ሁሉም በስልኩ ባንክ ይጠቀም። ሐሳቡን አላጣጣልኩትም። እኔም ቴሌብር እጠቀማለሁ። ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ አስቀማጮች የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል፤ እንደ እኛ ያለ ማኅበር ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ግን በዚህ ፈንድ አይሸፈንም። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ እናቶቹም ሊያውቁት ይገባል ብዬ በጉባኤው ተናገርኩ። ነገር ግን ባንኩ ያስቀምጥልሃል እንጂ ላም አይሰጥህም አልኩ። ያለ ካርታ የሚያበድር፣ ሚስትህን ጠርቶ የሚጠይቅ፣ በሬ ሲሞት ከአራጣ የሚያድን ሌላ ቦታ በዚህ ቀበሌ እስካሁን የለም። ስጋቱን የሚቀንሰው የሒሳብ ምርመራ ነው። ሕጉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ያዝዛል። ኦዲተር በሰዓቱ እንዲላክልን ደጋግመን እንጠይቅ፣ ካልተላከም ከትርፋችን ከፍለን እናስመርምር አልኩ። ከትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንደሚቀመጥ እትዬ አስታወሱ፤ ያ ገንዘብ እንዳይነካም አስጠነቀቁ።

ክርክሩ ረዘመ። አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ከዚህ በኋላ እዚህ አንኖርም» አለኝ፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እማማ ግን ተነስተው፣ «የሄዳችሁበት ሰፈር ከጎረቤት ጋር ጀምሩት። እኛ ደንቡን እናስገለብጣችኋለን» አሉት።

ማኅበሩ እንዲቀጥል በድምፅ ተወሰነ። ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ሲገኙ ቼክ እንዲወጣ፣ ሁለት ተለዋጭ ፈራሚዎች ከሰበታ እንዲጨመሩ፣ ወርኃዊው ንባብ ሳይቀር እንዲቀጥል ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ተለዋጮቹ ባንክ ቀርበው የፊርማ ናሙና ሰጥተዋል። ባነሳው ሐሳብ የተሸነፈው ልጅ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ መዝገቡን በስልኩ እየገለበጠ ነው፤ እትዬ አጠገቡ ተቀምጠው ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩለታል። በሚመጣው እሁድ የብድር ኮሚቴው የሚያየው የአንዲት እናት የወፍጮ ሞተር ጥያቄ ነው። ከዋሶቹ አንዱ እኔ ነኝ።